ስለ ኑርንበርግ ገበያና ስለ ቅጠሉ ማኅተም

ኑርንበርግ የምትባለው ከተማ በጀርመን አገር በባየርን ግዛት በፔግኒትስ ወንዝ ግራና ቀኝ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ ናት። ብዙ ሰው ስምዋን የሚያውቀው ከኖቬምበር 1945 እስከ ኦክቶበር 1946 ድረስ የናዚ አለቆች ለፍርድ የቀረቡባት ስለ ሆነች ነው። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን አስቀድሜ ለማየት የናፈቅሁት ቁጥር 600 የሚባለውን ያንን አዳራሽ ነበረ፤ ደርሼም አየሁት። ነገር ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ እርሱ አይደለም፤ ስለ ሽንኩርት፥ ስለ እንቁላል፥ ስለ ሳሙናና ስለ ቡና ነው። ክቡራን አንባቢዎች ጸሐፊው ከችሎት ወደ ማድ ቤት ወረደ ብለው እንዳይፈርዱብኝ፥ ነገሩ ተመልሶ ወደ መዝገብና ወደ ማኅተም የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ወደዚያች ከተማ የሄድሁት በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችም፥ የአገራችን ነው ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በጅማ በኩል ያሉ ቡና ተካይ ዘመዶቼ ከ3,000 የሚበልጡ አባሎች ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር አላቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ ቢዮፋኽ ወደሚባለው ትልቅ የንግድ ትርኢት ሲሄዱ፥ እኔ በልጅነቴ ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ በሚሲዮን ቤት ጥቂት ጀርመንኛ የተማርሁ ስለ ሆንሁ፥ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኋቸው። ሽማግሌዎቹ በሆቴል ሲያርፉ እኔ በዚያች ከተማ በሆስፒታል አስታማሚነት ከምታገለግለው ከእኅቴ ልጅ ቤት ተቀመጥሁ። እርስዋም የስምንት ወር ሕፃን አላት።

በመጀመሪያው ማታ ከአገር ቤት የያዝሁላትን ሁለት ኪሎ ቡና ስሰጣት ጉልበቴን ስማ ተቀበለችና አሸተተችው፤ ቀጥላም፥ «ጋሼ፤ ይህ ቡና ቢዮ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳቄን ለመያዝ አልቻልሁም። ቡናው የተለቀመው ከታላቅ ወንድሜ ጓሮ ነው፤ እርስዋም በልጅነትዋ ከሥሩ ስትጫወት ያደገችበት ነው። «ልጄ፤ ከዝናብና ከቅጠል ብስባሽ በቀር ምን ነክቶት ያውቃል?» አልኋት። «እርሱንስ አውቃለሁ ጋሼ፤ ነገር ግን ማኅተም የለውም» አለችኝ። ይህ ቃል ወደ አገሬ እስክመለስ ድረስ ከልቤ አልወጣም።

ቢዮ የሚሉት ጀርመኖች ኦርጋኒክ የሚባለውን ነገር በአጭሩ የሚጠሩበት ስም ነው። ይኸውም በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይገባበት፥ በፍግና በብስባሽ፥ አዝርዕትንም በየዓመቱ በማፈራረቅ የተመረተ ማለት ነው፤ ዶሮውና ላሙም ወደ ሜዳ የሚወጡበት ስፍራ ሊኖራቸው ይገባል። ብዙ ሰው መድኃኒት የሚባል ነገር ፈጽሞ አይነካውም ብሎ ያምናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ሕጉ ለይቶ የፈቀዳቸው ነገሮች አሉ፤ ለወይንና ለድንች በሽታ ከመዳብ የተሠራ መድኃኒት ይረጫል፤ እርሱም በ7 ዓመት ውስጥ በአንድ ሄክታር ላይ ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህን የምጽፈው ዕቃውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ገዥ የሚገዛውን ነገር ልክ ቢያውቅ ይሻላል ብዬ ነው።

በማግስቱ የእኅቴ ልጅ ወደ ገበያ ይዛኝ ወጣች። እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ ባለጸጎች ብቻ በሚገቡበት ሱቅ የሚሸጥ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን እርስዋ የወሰደችኝ ደመወዝተኛው ሁሉ ወደሚገበይበት ወደ አንድ ርካሽ ሱቅ ነው፤ በዚያም ወተቱ፥ ዱቄቱ፥ ካሮቱ፥ የሕፃን ገንፎው፥ ዘይቱ፥ ሁሉም በሁለት ዓይነት ቆሟል፤ አንዱ ተራው ነው፥ ሁለተኛውም ቅጠል የታተመበት ነው። ቅጠሉ በአረንጓዴ መደብ ላይ በ12 ነጫጭ ከዋክብት የተሣለ ሲሆን የኤውሮጳ ኅብረት ማኅተም ነው፤ በጁላይ 2010 በሥራ ላይ ውሏል። ሥዕሉን ያወጣው አንድ የጀርመን አገር ተማሪ ነው፤ የመረጠውም ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ነው። ከቅጠሉ በታች ዴኤ፥ ኤኮ የሚል ፊደልና ሦስት አኃዝ ይገኛል፤ ይህም ዕቃውን የመረመረው ድርጅት ቁጥር ነው። ከዚያም በታች እህሉ ከኅብረቱ አገሮች ወይም ከውጭ የመጣ መሆኑ ተጽፏል። መዝገብ ሲያገላብጥ ለኖረ ሰው ይህ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ አንዲት የካሮት ከረጢት እንደ ደኅና ውሳኔ ቁጥር፥ ፊርማና መርማሪ አላት።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን እንቁላሉ ነው። በእያንዳንዱ እንቁላል ቅርፊት ላይ ቁጥር ታትሟል። የመጀመሪያው አኃዝ 0 እንደ ሆነ ዶሮዋ በኦርጋኒክ ሥርዓት የኖረች ናት፤ 1 እንደ ሆነ ወደ ሜዳ የምትወጣ፥ 2 እንደ ሆነ በቤት ውስጥ በመሬት ላይ የምትውል፥ 3 እንደ ሆነ በሽቦ ቤት የታጐረች ናት። ቀጥሎ የአገሩ ስም ይመጣል፤ ከዚያም የግዛቱ ቁጥር ይከተላል፤ የባየርን ግዛት ቁጥር 09 ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የዶሮ ቤቱ ቁጥር ነው። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ እንቁላሉን ለማንበብ እንጂ ለመብላት አልቻልሁም።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1924 ሩዶልፍ ሽታይነር የሚባለው ሊቅ በሲሌዝያ ለገበሬዎች ስለዚህ ዓይነት እርሻ አስተማረ፤ የእርሱም ተከታዮች በ1928 ዴሜተር የሚል ምልክት አወጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ነገሩ የጥቂት ሰዎች ብቻ ሆኖ ቆየ። ከ1970 ወዲህ በየከተማው ትንንሽ ሱቆች ቢከፈቱም ገዥዎቻቸው ጥቂት ነበሩ። በ1991 የኤውሮጳ መንግሥታት ኦርጋኒክ የሚለውን ስም በሕግ ጠበቁት። ከኖቬምበር 2000 በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በዚያ ወር የእብድ ላም በሽታ በጀርመን አገር በተወለደች ላም ላይ ተገኘና ሕዝቡ ሥጋ ለመብላት ፈራ፤ የእርሻና የጤና ሚኒስትሮች ሥራቸውን ለቀቁ፤ በእርሻው ወንበር ላይ የተተኩት ሬናቴ ኩውናስት የሚባሉት ወይዘሮ በ2001 ቢዮ የሚል አንድ የመንግሥት ማኅተም ለአገሩ ሁሉ አወጡ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹና ርካሾቹ ሱቆች ሁሉ ገቡበት። በ2000 በጀርመን አገር የዚህ ዕቃ ሽያጭ ወደ 2 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ነበረ፤ በ2020 ወደ 15 ቢሊዮን ደረሰ። ፍርሃት ለገበያ ከማስታወቂያ ይልቅ ብርቱ መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ስፍራ ለቤት እመቤቶች አንድ ነገር ልንገራቸው። የእኅቴ ልጅ ለሕፃንዋ የገዛችው ሳሙና በላዩ ላይ ናቱር፥ ማለት ተፈጥሮ፥ የሚል ቃልና የቅጠል ሥዕል ነበረበት፤ እርስዋም ያው ቅጠል ነው ብላ ታምን ነበር። ሁለታችን ቁጭ ብለን ብናነበው ግን ከዋክብቱም የመርማሪው ቁጥርም የሉበትም። የኤውሮጳ የኦርጋኒክ ሕግ የሚገዛው በተለይ ምግብን ነው፤ ሳሙናንና ቅባትን አይነካም። ለእነርሱ የግል ማኅበሮች ያወጧቸው ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ እነዚያም የሌሉበት እንደ ሆነ በሣጥኑ ላይ የተሣለው ቅጠል ሥዕል ብቻ ነው። ይህ ዕቃ ወደ ሌላ አገር ሲዘልቅ ሥዕሉ ከማኅተሙ ቀድሞ እንደሚደርስ አልጠራጠርም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹን ይዤ ወደ ሐውፕትማርክት፥ ማለት ወደ ዋናው ገበያ ሄድሁ። ሰፊ አደባባይ ነው፤ በምሥራቁ በኩል የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በሰዓትዋም በእኩለ ቀን የንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛና የሰባቱ መራጭ መሳፍንት ምስሎች እየዞሩ ይወጣሉ። ሕዝቡ አንጋጦ ያያል፤ ፎቶግራፍም ያነሣል። አደባባዩ በ1349 የተገደሉት የከተማይቱ አይሁድ ሰፈር የነበረ መሆኑን፥ ቤተ ክርስቲያኒቱም በምኵራባቸው ስፍራ መሠራትዋን የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው።

በጥንት ዘመን ኑርንበርግ የቅመም ገበያ ነበረች። ዛፍራን የሚባለው የአበባ ቅመም እንደ ወርቅ የተወደደ ስለ ሆነ ነጋዴዎች ከሌላ አበባና ከልዩ ልዩ ነገር ጋር እየቀላቀሉ ይሸጡት ነበር። የከተማይቱም ሹማምንት የማሉ መርማሪዎችን አቁመው ዛፍራኑ ሁሉ በእነርሱ ፊት ሳይታይ እንዳይሸጥ አዘዙ። በ1444 ዮብስት ፊንደከር የሚባል ሰው የተቀላቀለ ዛፍራን ሲሸጥ ስለ ተገኘ ከነቅመሙ በእሳት ተቃጠለ። ይህን ለሽማግሌዎቹ በተረጐምሁላቸው ጊዜ ገንዘብ ያዡ አማተቡና፥ «ስለ ቅመም?» አሉ። ሊቀ መንበሩ ግን ጥቂት ዝም ብለው፥ «የእኛ አገር የበርበሬ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ደግ ነበር» አሉ። እኔም ከዓመታት በፊት በችሎት የጻፍሁት አንድ መዝገብ ትዝ አለኝ፤ በርበሬ ከቀይ ሸክላ ዱቄት ጋር ተፈጭቶ ተሽጦ ነበር። ተከሳሹ ዱቄቱን ማንም ሳይታመምበት በላው ብሎ ይከራከር ነበር። ከሳሽ ሆና የቀረበችውም አንዲት ባልቴት ነበረች፤ የበላችውን ሸክላ ሳይሆን ለልጅዋ ሠርግ ያዋጣችውን ገንዘብ እያነሣች ታለቅስ እንደ ነበረ አልረሳም።

ማቃጠሉ ቀርቷል፤ ማታለሉ ግን አልቀረም። በዲሴምበር 2011 የኢጣልያ ፖሊሶች በቬሮና በኩል ተራ እህልን ኦርጋኒክ ነው እያሉ በሐሰት ወረቀት የሸጡ ሰዎችን ያዙ፤ እህሉም 700,000 ቶን ያህል ነበረ። በዚያ ማኅተሙ ራሱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ከእህሉ ጋር የተጓዘው ወረቀት ነው የዋሸው።

በከተማይቱ ሰሜን ክኖብላውኽስላንድ የሚባል፥ ትርጓሜውም የነጭ ሽንኩርት አገር የሆነ፥ ሰፊ የአትክልት መሬት አለ። አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ሲሉ ከበታቻቸው የሚታየው ጐመንና የመስተዋት ቤት ነው። ቀድሞ በተራው አስተራረስ የነበረ አንድ ገበሬ ወደ ኦርጋኒክ የተመለሰበትን ዘመን አጫወተን። ሕጉ ለአትክልትና ለእህል ከመዝራት በፊት 2 ዓመት፥ እንደ ቡናና እንደ ፍሬ ላሉት ቋሚ ተክሎች ደግሞ ከመጀመሪያው መልቀም በፊት 3 ዓመት መሬቱ እንዲነጻ ያዝዛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበሬው በአዲሱ ድካም ያርሳል፤ የሚሸጠው ግን በአሮጌው ዋጋ ነው። አረሙን የሚነቅሉለት ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸውም ከዘሩና ከፍጉ ሁሉ ይበልጥበታል። «መርማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያላሳወቀም እንደ ሆነ ይመጣል፤ አስቀድሞ የሚያየው እርሻዬን ሳይሆን ደረሰኜን ነው» አለን። ገንዘብ ያዡ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምክንያቱን በኋላ አወቅሁ። ይህ ሰው እንዲበረታ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የከተማይቱ ምክር ቤት ነው፤ ከ2003 ጀምሮ በመዋዕለ ሕፃናትና በትምህርት ቤት የሚቀርበው ምግብ የኦርጋኒክ ድርሻው እንዲያድግ ወስኖ ኖሯል።

ወደ ትርኢቱ እንመለስ። ቢዮፋኽ በ1990 በሉድቪግስሐፈን በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ከ1999 ወዲህ በኑርንበርግ የሚደረግ ነው። እኛ በሄድንበት ዓመት ከመላው ዓለም ወደ 2,500 የሚጠጉ ዕቃ አቅራቢዎች መጥተው ነበር። አዳራሽ ለአዳራሽ ስንሄድ ቀኑ አለቀ፤ የሕንድ ሩዝ፥ የግሪክ ዘይት፥ የፔሩ ቡናና የግብጽ ጥጥ ሁሉ በየድንኳኑ ነው። ሊቀ መንበሩ የቡና ማሳያ ባዩ ቍጥር ፍሬውን በእጃቸው አንሥተው ያሸቱ ነበር፤ ሻጮቹም መጀመሪያ ይሥቁባቸዋል፥ በኋላ ግን ምን አገኙበት ብለው ይጠይቋቸዋል።

ከገዥው ጋር የተቀመጥነው በአራተኛው ቀን ነው። ገዥው ትሑት ሰው ነው፤ ቡናውን አመሰገነ፤ ዋጋውንም ብዙ አልተከራከረም። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን አምጡ አለ። ገንዘብ ያዡ ከቦርሳቸው ሲያወጡት ተቀብዬ ባነበው፥ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማኅበሩ ስም አልነበረም፤ ከዚህ በፊት ቡናቸውን ይገዛ የነበረው የአንድ ላኪ ስም ነው። የምርመራውን ገንዘብ የከፈለው ላኪው ስለ ሆነ ማኅተሙም የእርሱ ሆነ። ሰባት ዓመት ሙሉ እነዚያ ገበሬዎች በጓሮአቸው መድኃኒት ሳያስገቡ፥ በየቤታቸውም መዝገብ እየያዙ ሲደክሙ፥ ለሌላ ሰው የሚሸጡበት ወረቀት በእጃቸው አልነበረም። ገንዘብ ያዡ በነጭ ሽንኩርቱ አገር ራሳቸውን የነቀነቁት በዚህ ነገር ነው፤ እርሳቸው ጠርጥረውት ነበር።

ሊቀ መንበሩ ተቈጡና፥ «አባቶቻችን ከዋንዛና ከግራር ጥላ ሥር የተከሉት ቡና ነው፤ እግዚአብሔር ለሠራው ነገር ምስክር የሚያቆመው ማነው?» አሉኝ። እኔም፥ «አባባ፤ በእኛም ቤት እውነት ይዞ ምስክር ያጣ ሰው መሬቱን ተነጥቆ ሲወጣ አይቻለሁ» አልኋቸው። ለማጽናናት የተናገርሁት አልነበረም፤ ያወቅሁትን ነው። ደግሞም ምርመራው ከንቱ አይደለም። በ2008 ጃፓን ከአገራችን በመጣ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዥዋ ወድቆ ነበር፤ የጥፋቱም ምንጭ ዛፉ ሳይሆን ቡናው የተሞላበት ጆንያ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ስለዚህ ጓሮው ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከጓሮው እስከ መርከብ ያለውን መንገድ ሁሉ የሚመለከት ዓይን ያስፈልጋል። በአገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓመተ ምሕረት ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ የውጭ ገዥ የሚጠይቀው የገዛ አገሩን ማኅተም ነው።

አሁን የኤውሮጳ ኅብረት አዲስ ሕግ አውጥቷል፤ ቁጥሩ 2018/848 ነው፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮም ይሠራበታል፤ ለውጭ አገሮች ግን የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። በዚህ ሕግ ገበሬዎች በኅብረት ማኅተም ሲይዙ ማኅበራቸው ራሱ በሕግ የቆመ አካል መሆን አለበት። ይህ ለእኛ ሰዎች መልካም ነው፤ ወረቀቱ በስማቸው ይወጣልና። ነገር ግን ከዚሁ ጋር አንድ ማኅበር ከ2,000 አባል እንዳይበልጥ፥ እርሻዎቹም አጠገብ ለአጠገብ እንዲሆኑ ተወስኗል፤ መርማሪውም በየዓመቱ ከመቶው አምስቱን አባሎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያል። የእኛው ማኅበር እንግዲህ ለሁለት ካልተከፈለ ቅጠሉን ሊያገኝ አይችልም። ለዚህ ውሳኔ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ መዝገብ ሲጠቃለል ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ ይቸግራል። ሆኖም ሕጉን የጻፉት ሰዎች ገበሬዎቹ ማኅበሩን ለቡና ብቻ የሚይዙት እንደ ሆነ ሳይገምቱ አልቀሩም፤ የታመመ የሚረዳበት፥ ወፍጮ የቆመበት፥ ድልድይም የተሠራበት ያው አንዱ ሣጥን መሆኑን ማን ነገራቸው?

ሊቀ መንበሩ የተረጐምሁላቸውን ሁሉ ሰምተው፥ «ልጄ፤ ይህ ሕግ የሚከፍለው ወንዙን ነው ወይስ ሰዉን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ገዥው እስከሚመጣው መከር እንዲጠብቃቸው ለመኑት፤ እርሱም እጠብቃለሁ ብሎ ፈረመ፤ ያችን አንዲት ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኋት።

በመጨረሻው ማታ የእኅቴ ልጅ ቡና አፈላች። በዚያ ቀን ባልዋ የወሩን ወጪ ሲቆጥር፥ ለሕፃኑ ገንፎና ወተት ቅጠል ያለበትን ብቻ መግዛት ከኪሳችን በላይ ነው ብሎ ጥቂት ተነጋግረው ነበር፤ እርስዋም ለራሳችን ተራውን እንብላ፥ ለእርሱ ግን አልቀንስም ብላ ጨርሳ ነበር። ማን ልክ እንደ ሆነ እኔ አልፈረድሁም፤ ዳኛ አይደለሁምና። ቡናው ሲቆላ ሽታው እስከ ደረጃው ወጣ፤ ከላይ ያለች አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ጐረቤት በሩን አንኳኵታ ገባች፤ ሁለተኛውን ስኒ ከጠጣች በኋላ፥ «ይህን ከየትኛው ሱቅ ገዛችሁ?» አለች። የእኅቴ ልጅ ወደ እኔ አየች። እኔም በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፥ «ከወንድሜ ጓሮ» አልኋት።

ከተመለስን በኋላ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሁለት ቀን ከተከራከረ በኋላ ለሁለት ለመከፈል ተስማማ፤ ድንበሩም መንደሩን በመካከል የሚያቋርጠው ጅረት ሆነ። ወፍጮውና የሕመምተኞች ሣጥን በጋራ እንዲቀሩ በሌላ ውል አጸናን፤ ውሉንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከጅረቱ ወዲህ ነው፤ ታናሹ ከወዲያ ማዶ ነው። አሁን በየማታው የአባሎቹን ስም፥ የመሬታቸውን ስፋትና የቡና እግራቸውን ቁጥር በሁለት መዝገብ እየለየሁ እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያው ተፈጽሟል፤ ሁለተኛው ግን ገና ከግማሽ አላለፈም።